ጎን የሌለው የጎንዮሽ ጉዳት

መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ከእኔ ፊት የቆሙት እናት የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው አንድ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አወጡ። አሥሩም ፍሬ ተውጦ አልቋል፤ የቀረው ብርማ ወረቀቱ ብቻ ነው። «እንዲህ ያለውን ስጠኝ ልጄ» አሉት ከመስታወቱ ጀርባ ያለውን ወጣት። ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ዳይክሎፌናክ፣ ባለ 50 ሚሊግራም።

«ማዘዣ ይዘዋል እማማ?»

«ማዘዣውማ ዓምና ነው የተጻፈልኝ። ጉልበቴ ግን ዘንድሮም ያው ነው።»

ሰልፉ ላይ የቆምነው ሳቅን። ልጁ አልሳቀም።

«ጨጓራስ አለብዎት?»

«ጨጓራ የሌለበት ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«ደም ግፊትስ?»

«እሱንማ በየጠዋቱ እየዋጥኩለት ነው፤ ሁለት ዓይነት።»

ልጁ ማሸጊያውን መለሰላቸውና ሐኪም ሳያያቸው እንደማይሰጣቸው፣ እስከዚያው ፓራሲታሞል ቢወስዱ እንደሚሻል ነገራቸው። ተቀየሙ። ፓራሲታሞል ለእሳቸው ጉልበት ውሃ ማለት እንደሆነ ነግረውት ወጡ። እኔ ከፍዬ እስክጨርስ አስፋልቱን ተሻግረው ፊት ለፊት ካለው ሌላ መድኃኒት ቤት ገብተው ነበር፤ ሲወጡ ትንሽ ከረጢት ይዘዋል።

በእኔ እጅ የነበረው የጥርስ ሐኪም የጻፈልኝ ማዘዣ ነው፦ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ከምግብ በኋላ፣ ለ3 ቀን። የእሳቸውና የእኔ መድኃኒት በስም ይለያዩ እንጂ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። እኔ ወረቀት ስለያዝኩ ስለ ጨጓራዬም ስለ ደም ግፊቴም ማንም አልጠየቀኝም። ወደ ቤት ስመለስ ያብሰለሰለኝ ይህ ነው። ወረቀቱ ምን አደረገልኝ? ጨጓራዬን አልሸፈነውም፣ ኩላሊቴንም አልጠበቀልኝም። የእሳቸውም ወረቀት ዓምና እውነተኛ ወረቀት ነበር። የአንድ መድኃኒት ደኅንነት የሚኖረው ታዲያ የት ነው? ኪኒኑ ውስጥ፣ ማዘዣው ላይ፣ ወይስ በሚውጠው ሰው ዘንድ?

ከስሙ ልጀምር። እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች ማስታገሻ እንላቸዋለን። ቃሉ ታገሠ ከሚለው የወጣ ነው፤ አስታገሠ ማለት እንዲታገሥ አደረገ ነው። ረኀብን፣ ጥማትን፣ ቁጣን እናስታግሣለን። ረኀቡን ያስታገሠ ሰው ረኀብን ከነሥሩ አልነቀለውም፤ ለጥቂት ሰዓት አቆየው እንጂ። መድኃኒት የሚለው ግን ከሌላ ሥር የመጣ ነው፤ የግዕዙ ድኅነ፣ ዳነ ማለት፣ መድኃኔዓለም የምንለውም ከዚያው የሚቀዳ ነው። አንደኛው ቃል የሚያቆይ ይላል፣ ሁለተኛው የሚያድን። «የህመም ማስታገሻ መድኃኒት» ስንል እነዚህን ሁለት ተስፋዎች በአንድ ገመድ እናስራቸዋለን፤ ብዙውን ጊዜም ጉልበታችን የሚሰማው ሁለተኛውን ነው። ለእውነቱ የሚቀርበው የመጀመሪያው ነው። ዳይክሎፌናክ ያለቀ የመገጣጠሚያ ልስላሴን አይመልስም፣ የተበላ ጥርስንም አይሞላም።

ሦስተኛው ስም የበለጠ ያታልላል። መድኃኒቱ ሲጎዳ ጉዳቱን የጎንዮሽ እንለዋለን። ጎን ካለ መሀል አለ። መሀሉ እኛ የፈለግነው ነው፣ ጎኑ ደግሞ ሳንፈልገው የመጣው። እንዲህ ስንል መድኃኒቱ አንድ ዋና ሥራ እንዳለው፣ ከዚያ አልፎ አልፎ እጁ ስቶ ሌላ ነገር እንደሚነካ አድርገን እናስባለን። እኔ ይህን ለመቀበል የተቸገርኩት መድኃኒቱ እንዴት እንደሚሠራ ካነበብኩ ወዲህ ነው። (ዓመቶቹንም ወሮቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

አስፕሪን በባየር ኩባንያ ስሙ የተመዘገበው በ1899 ነው። ሰው ከ70 ዓመት በላይ ሲውጠው ኖሮ እንዴት እንደሚሠራ በውል የሚያውቅ አልነበረም። በ1971 ጆን ቬን የተባለ እንግሊዛዊ ፋርማኮሎጂስት አስፕሪንና ዘመዶቹ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይሠራ እንደሚከለክሉ አሳየ፤ በ1982 ከሁለት ስዊድናውያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለበት። በነገራችን ላይ ፕሮስታግላንዲን የሚለውም የስህተት ስም ነው። መጀመሪያ ሲገኝ ከፕሮስቴት ዕጢ የሚመነጭ ስለመሰላቸው እንዲያ አሉት፤ በኋላ ግን በመላ ሰውነት፣ ከሞላ ጎደል በሁሉም አካል እንደሚሠራ ታወቀ። ስሙ ቀረ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድዴ ሲቆጣ ሴሎቼ ፕሮስታግላንዲን ይሠራሉ፤ ደም ሥሩ ይሰፋል፣ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ የነርቩም ጫፍ ስሜቱ ይስላል። ይህን ህመም እንለዋለን። በዚያችው ደቂቃ ጨጓራዬ ውስጥ ያው ንጥረ ነገር ግድግዳውን ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ዝልግልግ ልባስ እንዲመነጭ፣ ደምም በደንብ እንዲደርሰው ያደርጋል። ኩላሊቴ ውስጥ ደግሞ ውሃ ሲያጥረኝ ወደ ማጣሪያው የሚገባው ቀጭን ደም ሥር እንዳይጠብ ከፍቶ ይይዘዋል። ድዴ ላይ ጠላቴ የሆነው ጨጓራዬ ላይ ዘበኛዬ ነው። ኪኒኑ ይህን አያውቅም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ ሳይክሎኦክሲጂኔዝ የሚባለውን ኢንዛይም፣ በአጭሩ ኮክስን፣ መያዝ። ደም በወሰደው ቦታ ሁሉ ይይዘዋል።

የመስኖ አገር ሰው ይህን ከእኔ በተሻለ ያስረዳ ነበር። አንዱ ማሳ በውሃ ተጥለቀለቀ ተብሎ የውሃ አባት ቦዩን ከላይ ቢዘጋው፣ የተጥለቀለቀው ይደርቃል፣ ከታች ያለው የጎረቤት ጎመንም ይጠወልጋል። የጎመኑ መጠውለግ የመዝጋቱ ጎን ነው? መዝጋቱ ራሱ ነው። ባለ ማሳው «ደረቀልኝ» ሲል ባለ ጎመኑ «ደረቀብኝ» ይላል፤ ልዩነቱ «ል» እና «ብ» ላይ ነው፣ ውሃው ግን አንድ ጊዜ ነው የተዘጋው። መድኃኒቱ ጎን የለውም እላለሁ። ጎን ያለው የእኛ ፍላጎት ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ የሚመስለው ሰው መርፌውን ያስብ። ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ «ኪኒኑ ጨጓራዬን ስለሚልጠው በመርፌ ይሻለኛል» ብሎ ክሊኒክ ሄዶ 75 ሚሊግራም ዳይክሎፌናክ መቀመጫው ላይ ይወጋል። አስተሳሰቡ የራሱ ሎጂክ አለው፦ ጉዳቱ ከመንካት የሚመጣ ከሆነ ያልነካው አይጎዳም። ግን ጉዳቱ በዋናነት የሚመጣው ከመንካት አይደለም። መርፌው በደም ዞሮ ጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ኢንዛይም ከውስጥ በኩል ይይዘዋል። በፊንጢጣ የሚገባውም እንደዚያው ነው። «ከምግብ በኋላ» የሚለው ምክርም እዚሁ ይመዘናል። ምግብ ማቃጠሉንና ማቅለሽለሹን ያቀልላል፣ ለዚህም ይጠቅማል፤ ቁስለትን ግን አያስቀርም። እንጀራ በልቶ የዋጠ ሰው ራሱን ከአደጋ እንደራቀ ከቆጠረ፣ ጎን በሚለው ቃል ተታሏል። በሌላ በኩል ጉልበት ላይ የሚቀባው የዳይክሎፌናክ ጄል በእርግጥ ይለያል፤ ወደ ደም የሚገባው በአፍ ከሚወሰደው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። እዚህ ቦዩ ከላይ አልተዘጋም፣ አንዱ ማሳ በር ላይ ብቻ ነው አፈር የተደረገው። እኒያ እናት ስለ ቅባቱ ማንም ነግሯቸው እንደሆነ እንጃ።

አንድ ሰው እንዲህ ብሎ ይሞግተኛል፦ «ሳይንስ እስኪያድግ ድረስ ነው እንጂ ጠቃሚውን ከጎጂው መለየት ይቻላል፤ ያኔ ጎን የምትለው ይቀራል።» ሙግቱ ጥሩ ነው፤ ጥሩነቱም ተሞክሮ መታየቱ ላይ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢንዛይሙ ሁለት መልክ እንዳለው ታወቀ። ኮክስ-1 ጨጓራን በመሳሰሉ ቦታዎች ዘወትር የሚሠራው ነው፤ ኮክስ-2 ደግሞ በአብዛኛው ቁስለትና ብግነት ሲመጣ የሚነሳው። ሁለተኛውን ብቻ የሚይዝ ኪኒን ቢሠራ ህመሙ ይበርዳል፣ ጨጓራውም ይተርፋል። በግንቦት 1999 ሮፌኮክሲብ፣ የገበያ ስሙ ቫዮክስ፣ በአሜሪካ ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት የወጣው ጥናት 8,076 የቁርጥማት በሽተኞችን ይዞ ከነባሩ ናፕሮክሰን ጋር አነጻጸረው። በጨጓራና በአንጀት ላይ የደረሰው ከባድ ጉዳት በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጎኑ የተቆረጠ መሰለ።

በዚያው ጥናት ውስጥ ግን ሌላ ቁጥር ነበር። የልብ ድካም ሳይሆን ድንገተኛ የልብ ጥቃት የደረሰባቸው ቫዮክስ ከወሰዱት ከ1000 ሰዎች 4 ያህል፣ ናፕሮክሰን ከወሰዱት 1 ያህል ነበሩ። አምራቹ መርክ ይህን ሲያስረዳ ቫዮክስ ልብን አልጎዳም፣ ናፕሮክሰን ነው ልብን የጠበቀው አለ። ይህን ማብራሪያ ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ሁለት ነገር ተለያይቷል፤ አንዱ ዝቅ ብሏል ወይስ ሌላው ከፍ ብሏል? ከሁለቱ ውጭ ሦስተኛ መቆሚያ ካልተገኘ ሁለቱም ንባብ ያስኬዳል። መቆሚያው የተገኘው የሚሠራ ነገር ከሌለበት ባዶ ኪኒን ጋር በተደረገ ሌላ ጥናት ነው። በዚያ 2,586 ሰው ውስጥ በደም መርጋት የሚመጡ አደጋዎች ቫዮክስ ከወሰዱት 46፣ ባዶውን ከወሰዱት 26 ሰዎች ላይ ደረሱ። መስከረም 30 ቀን 2004 ኩባንያው መድኃኒቱን ከዓለም ገበያ አወጣ። እስከዚያ ከ80 ሚሊዮን በላይ ሰው ወስዶታል። በ2007 ኩባንያው ክሶቹን ለመዝጋት 4.85 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

ምክንያቱ ሲብራራ ያው ቦይ ሆኖ ተገኘ። የደም ሥር ግድግዳ በኮክስ-2 አማካይነት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ አንድ ዓይነት ፕሮስታግላንዲን ይሠራል። ፕላትሌት የተባሉት የደም ሕዋሶች ደግሞ በኮክስ-1 በኩል ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ይሠራሉ። ኮክስ-2ን ብቻ ያዙ፣ ሚዛኑ ወደ መርጋት አዘመመ። ጎኑን ከጨጓራ ላይ ቆረጡት፤ ልብ ላይ በቀለ። ፍትሐዊ ለመሆን ግን ሙከራው ከንቱ ነበር አልልም። የዚያው ቤተሰብ ሴሌኮክሲብ ዛሬም በሥራ ላይ ነው፤ ጨጓራው ለመድማት ለተጋለጠና ልቡ ጤነኛ ለሆነ ሰው ጉዳቱ ቦታ መለወጡ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ጎኑ ጠፋ ካልተባለ በቀር።

እዚህ ላይ የእኒያን እናት ሙግት ልስማ፤ ምክንያቱም አላቸው። «ለዓመት ወሰድኩት፣ ምንም አላደረገኝም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። በ2013 የብዙ ጥናቶችን መረጃ አሰባስቦ የወጣ ትልቅ ትንታኔ እንዲህ ይላል፦ ዳይክሎፌናክን በከፍተኛ መጠን፣ በቀን 150 ሚሊግራም፣ ለአንድ ዓመት ከሚወስዱ 1000 ሰዎች መካከል በመድኃኒቱ ሰበብ ተጨማሪ 3 ሰዎች ከባድ የልብ ወይም የደም ሥር አደጋ ይደርስባቸዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ይሞታል። 997ቱ እንግዲህ እንደ እኒያ እናት ምስክርነት ይሰጣሉ። ምስክርነታቸው ሐሰት የለበትም፤ ግን ስለ መድኃኒቱ ምንም አይነግረንም። ይባስ ብሎ ሦስቱን ራሳቸውን አግኝቶ መጠየቅ እንኳ አይቻልም። ከሺሁ ሰዎች መካከል መድኃኒቱን ባይወስዱም ልባቸው የሚታመም አሉ፤ ሆስፒታል ከገቡት መካከል የትኛው «ተጨማሪ» እንደሆነ በግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ጉዳቱ መኖሩ የታወቀ ነው፣ የተጎዳው ሰው ግን ስም የለውም። በቡና ላይ ወሬ የምናውቀውና በቁጥር የምናውቀው ነገር የሚለያዩት እዚህ ጋ ነው፤ ቡና ላይ ስም የሌለው ሰው አይወራም።

ታዲያ እኒያ እናት ተሳስተዋል? ህመሙ ዛሬ ነው፣ እርግጥ ነው፣ ደረጃ መውጣትን፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ማስቀደስን ይከለክላል። ጉዳቱ ነገ ነው፣ ያውም ምናልባት ነው። ከሺህ ሦስት የሆነ ምናልባትን ለእርግጠኛ ጉልበት የሚለውጥ ሰው አእምሮውን አላጣም። እኔም በእሳቸው ጫማ ብቆም ልለውጥ እችላለሁ። ችግሩ ያለው የእሳቸው ቁጥር ከሺህ ሦስት አለመሆኑ ላይ ነው። ዕድሜ አለ፣ ደም ግፊት አለ፣ ጨጓራ አለ። «ሁለት ዓይነት» ያሉት የግፊት መድኃኒት ምናልባት ኤናላፕሪልና አንድ የሚያሸና ኪኒን ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኤናላፕሪል ከኩላሊት ማጣሪያ የሚወጣውን ደም ሥር ያላላዋል፤ የሚያሸናው በደም ሥር ያለውን ውሃ ይቀንሳል፤ ዳይክሎፌናክ ደግሞ የመግቢያውን በር ያጠብበዋል። እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ጨዋ ናቸው። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከተጨመረ፣ ማጣሪያው ላይ የሚደርሰው ግፊት ይወድቃል፣ ኩላሊትም በቀናት ውስጥ ሊደክም ይችላል። በላዩ ላይ ማስታገሻው የደም ግፊቱን ራሱ ከፍ ያደርጋል፤ በየጠዋቱ የሚውጡትን በየማታው ያፈርሱታል። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የነበረው ልጅ በሦስት ጥያቄ የደረሰበት እዚህ ነው። ስቀን ነበር እኮ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ተረቱ። መድኃኒቱ ራሱ በሽታውን ሲደብቅስ? አክስቴ ለወገቧ ለወራት ኪኒን ወሰደች፤ ሆዷን አንድ ቀን አሟት አያውቅም። ይህንንም እንደ ማስረጃ ትጠቅሰው ነበር። አንድ ሰሞን ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ መቀመጥ ጀመረች። ፊቷ ነጣ። ስንጠይቃት ድካም ነው፣ እርጅና ነው። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ መጥቆሩን የተናገረችው ሐኪሙ አጥብቆ ሲጠይቃት ነው፤ ጎመን የበላሁት ነው ብላ ትታው ኖሯል። ጨጓራዋ ቆስሎ በዝግታ ሲደማ ሰንብቷል። ያላመማት ለምን ነበር? ህመም ማስታገሻ እየወሰደች ነበራ። ይህ የእሷ ብቻ ታሪክ አይደለም፤ በእነዚህ መድኃኒቶች የሚመጣ ቁስለት በተለይ በዕድሜ የገፉት ላይ ብዙ ጊዜ ድምፅ የለውም፤ የመጀመሪያ ምልክቱ መድማቱ ይሆናል። ቁስሉን የሚያመጣውና ቁስሉ እንዳይናገር አፉን የሚይዘው አንድ እጅ ነው። ከዚህ በላይ ጎን የለሽ ነገር አላውቅም።

ከዚህ ተነስቶ ህመም መልእክተኛ ነው፣ መልእክተኛ አይገደልም፣ ስለዚህ ቻሉት የሚሉ አሉ። እነዚህን ጤነኞች ሆነው ነው የማገኛቸው። ህመም መልእክተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን መልእክተኛ ሁሉ አንድ አይደለም። የጥርሴ ህመም አዲስ ነገር ይነግረኛል፦ ተበልቻለሁ፣ ሐኪም ጥራ። የእኒያ እናት ጉልበት ግን መልእክቱን ካደረሰ ዓመታት አልፈውታል። ልስላሴው አልቋል፤ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ሐኪሙም ያውቃል። ወሬውን ነግሮ ከደጃፍ አልሄድ ያለ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሩን የሚደበድብ መልእክተኛ ዝም ቢባል ምን ነውር አለው? እንዲያውም ህመሙ ጋብ ሲል ነው ተንቀሳቅሰው የጭን ጡንቻቸውን የሚያጠነክሩት፤ እሱ ደግሞ ለጉልበት ከኪኒኑ ያላነሰ ማገዣ ነው። ልዩነቱ በተነበበ ህመምና ባልተነበበ ህመም መካከል ነው። ስለ ማዘዣው የጠየቅኩትም ጥያቄ መልሱን ያገኘው እዚህ ይመስለኛል። ማዘዣ ማለት አንድ የሚያውቅ ሰው ይህን ህመም፣ በዚህ አካል፣ በዚህ ቀን አንብቦታል ማለት ነው። ስለዚህ ያረጃል። የዓምናው ወረቀት የዓምናዋን ሴት ነው ያነበበው። የእኔም ወረቀት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያነበበው አፌን ብቻ ነው፤ ከአንገቴ በታች ያለውን የጠየቀኝ አልነበረም።

በጥንቃቄ መውሰድ የሚባለው ነገር እንግዲህ ከዚህ ይፈልቃል፤ ሕጎቹን ለየብቻቸው መሸምደድ አያስፈልግም። ቦዩ መዘጋቱ ካልቀረ በትንሹ ይዘጋ፣ ለአጭር ቀን ይዘጋ፤ የሚያስታግሠው ትንሹ መጠን፣ የሚበቃው አጭሩ ጊዜ። ባንድ ቦይ ላይ ሁለት መዝጊያ አይደረብም፤ አይቡፕሮፌን እየወሰዱ ዳይክሎፌናክ መጨመር፣ ወይም ክሊኒክ መርፌውን ተወግቶ ቤት ገብቶ ኪኒኑን መዋጥ ጉዳቱን እንጂ ፋታውን አይደርብም። የንግድ ስሙ ስለሚለያይ ብቻ ሳያውቁ የሚደርቡ ብዙ ናቸው፤ መታየት ያለበት በትንሹ የተጻፈው ስም ነው። ዋርፋሪን ወይም ሌላ የደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ ፕሪድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ላይ ያለ፣ ጨጓራው ከዚህ በፊት የደማ፣ ልቡ የደከመ፣ ኩላሊቱ የተጎዳ፣ አስፕሪን ሲወስድ አስሙ የሚነሳበት ሰው ራሱን በራሱ ማከም የለበትም። ነፍሰ ጡር ሴት ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ ሐኪም ካላዘዘላት ልትርቀው ይገባል፤ የፅንሱን ኩላሊት ይነካልና። የግድ ለረጅም ጊዜ መውሰድ ያለበት ሰው ኦሜፕራዞልን የመሰለ የጨጓራ ጠባቂ አብሮ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ኤች ፓይሎሪ የተባለው የጨጓራ ባክቴሪያም ካለበት መታከሙ ቁስለቱን ይቀንሰዋል። ድሬዳዋ፣ አፋርና እንደነሱ ያለ ቆላ ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር፦ በ2013 ድሬዳዋ ላይ የተረጋገጠው ደንጊ በትኩሳትና አጥንት በሚሰብር ህመም ነው የሚጀምረው፤ ወባ ነው ወይስ ደንጊ ሳይለይ ዳይክሎፌናክ መወጋት የደም መፍሰስን ይጋብዛል። እዚያ ፓራሲታሞል ውሃ አይደለም። እሱም ቢሆን መጠኑ ካለፈ ጉበት ይጎዳል እንጂ ጎን የለሽ እንዳይመስላችሁ።

ጾሙን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ከዚህ አገር ውጭ የተጻፈ መመሪያ ብዙ ጊዜ የማያነሳው ጉዳይ ነውና። «በቀን ሁለት ጊዜ ከምግብ በኋላ» የተባለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት ምን ታደርጋለች? አክስቴ ያደረገችውን ኋላ ነገረችን። የጠዋቱን ፍሬ አቆይታ ከማታው ጋር አንድ ላይ ትውጠው ነበር፤ ሒሳቡ ልክ ነው፣ በቀን ሁለት። ሆዷን ያየ ግን የለም። በረመዳንም ጎረቤቶቼ እንዲሁ በኢፍጣርና በስሑር መካከል ያሸጋሽጉታል። ሆዱ ብቻ አይደለም፤ ውሃ ሳይጠጣ በዋለ ሰው ላይ ኩላሊቱ ያንን በር ከፍቶ የሚይዝለትን ፕሮስታግላንዲን አብዝቶ በሚፈልግበት ሰዓት ነው ኪኒኑ የሚደርሰው። ለሕመምተኛ ጾም እንደሚላላ የንስሐ አባቱም ኢማሙም ያውቃሉ። ግን ሐኪሙ አይጠይቅም፣ ሕመምተኛዋ አትናገርም፤ አንዱ የሌላው አጥር ውስጥ ላለመግባት ሲተላለፉ ኪኒኑ መሀል ላይ ይቀራል።

ጎን የሚለውን ቃል ከሰው አካል ውጭ የፈተነው ነገር ደግሞ አሞራ ነው። በ1990ዎቹ በሕንድና በፓኪስታን ጥንብ አንሶች በጅምላ መሞት ጀመሩ። ነጭ ወገብ ያለው ዝርያ በሕንድ ከ100 አንድ እንኳ ሳይተርፍ ቀረ። በሽታ ነው፣ መርዝ ነው ተባለ። በ2004 መልሱ ታወቀ፦ ዳይክሎፌናክ። ገበሬው ያነከሰች ላሙን ለማስታገሥ ይወጋታል፤ ላሟ ከሞተች ሬሳዋን አሞራ ይበላል፤ የአሞራው ኩላሊት ይቆማል፣ ሆድ ዕቃው በነጭ የዩሪክ አሲድ ብናኝ ይለበጣል። በ2006 ሕንድ፣ ፓኪስታንና ኔፓል ለከብት መሰጠቱን አገዱ፤ በምትኩ አሞራን የማይገድለው ሜሎክሲካም ተመከረ። ከእኛም አገር ጥንብ አንሶች አንዳንዶቹ የዚያው ወገን ናቸው። ለላሟ ማስታገሻ፣ ለአሞራው ሞት፣ ለገበሬው የላም ጤና፣ ሬሳቸውን ለአሞራ ለሚሰጡት የሙምባይ ፓርሲዎች የሃይማኖት ሥርዓት መፋለስ። ከእነዚህ መካከል መሀሉ የቱ ነው፣ ጎኑስ?

ይህን ሁሉ ሳወጣ ሳወርድ መሸ። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ጥርሴ ቀሰቀሰኝ፤ ህመሙ እስከ ጆሮዬ ይወጋል። ፍልስፍናው ሁሉ ተበተነ። መብራት አበራሁና ወጥ ቤት ገባሁ። ለራሴ የመድኃኒት ቤቱን ልጅ ጥያቄዎች ጠየቅኩ፦ ጨጓራ? ትንሽ አለ። ደም ግፊት? ከተለካሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሌላ መድኃኒት? የለም። ውሃ? ቀኑን ሙሉ ሁለት ቡናና አንድ ብርጭቆ ውሃ። አንድ ቁራሽ ድፎ ዳቦ ቆረስኩ፤ ቁስለቱን እንደማያስቀረው እያወቅኩ በላሁት። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ። ማሸጊያውን ገልብጬ ጀርባውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩት፤ ብርማው ወረቀት ተቀደደና አንዲት ፍሬ መዳፌ ላይ ወደቀች። ጠዋት የጥርስ ሐኪሙ ጋ እደውላለሁ ብዬ ስልኬ ላይ ጻፍኩ። ዋጥኳት።